በግራዝማች በረንዳ ያለቁ ሰዎች

ሰው ገድዬ አላውቅም። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዚያ ዘመን ከሾላ ገበያ በላይ ይኖር የነበረ ሰው ዛሬ ቢያገኛችሁ "እሱማ ስንቱን ፈጀ መሰላችሁ!" ብሎ ሊያስደነግጣችሁ ስለሚችል ነው። መፍጀቱንስ ፈጅቻለሁ። የፈጀሁት ግን በአፌ ነው። ደም አልፈሰሰም፤ የፈሰሰ ነገር ቢኖር እንባ ነው፣ እሱም የወይዘሮ አስካለ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ወጣት ነበርኩ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ እሠራለሁ፤ የምኖረው የካ ነው፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲንሿሿ ከሚሰማበት ሰፈር። አልጠጣም፣ አልጨፍርም፤ አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረችኝ። እሷም ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ እየሄድኩ የእንግሊዝኛ የወንጀል ልብ ወለድ መግዛት ናት። የምወደውም ዓይነቱ ተለይቶ ይታወቃል፤ አንድ ገዳይ ሰው በሰው ላይ እየደራረበ የሚገድልበት፣ አንድ መርማሪና አንዲት መርማሪ እሱን ሲያሳድዱ በፍቅር የሚወድቁበት።

እነዚህን መጻሕፍት የሚንቅ የተማረ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ደራሲዎቻቸውን እጅ እነሳለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ሬሳ ያስቀምጡላችኋል። ወዲያው መርማሪው ይመጣል፣ ቀጥሎ መርማሪዋ ትመጣለች፤ ሬሳው እንደተጋደመ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። መዋደዳቸውን ከእነሱ በቀር ሁሉም ያውቃል። ደራሲው ገዳዩንም ፍቅሩንም በአንድ ጆንያ አስሮ እስከ መጨረሻው ገጽ ይሸከመዋል፣ አንድም ፍሬ ሳያንጠባጥብ። ይህ ቀላል ሙያ አይደለም። እኔ ለአለቃዬ የፈቃድ ማመልከቻ ስጽፍ እንኳ መዋሸቴ ገና "ክቡር ሆይ" ስል ይታወቅብኛል።

የዚያ ዓመት መጽሐፌ ጭጋግ ስለማይለቃት አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ነበር። ገዳዩ በገደለው ሰው ኪስ ውስጥ አንዲት ቀይ የኮት ቁልፍ ትቶ ይሄዳል። አንድ እሁድ ከየካ ሚካኤል ስመለስ መንገድ ለመንገድ እያነበብኩ ሄጄ ሄጄ ከግራዝማች ወንድይራድ አጥር ጋር ተላተምኩ። ውሻው ጮኸ፣ ግራዝማች ወጡ።

ግራዝማች በጡረታ ላይ ያሉ ዳኛ ናቸው። ጡረታ የወጣው ግን ሥልጣናቸው ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም። ሁለት ዶሮ ቢጣላ ከሳሽና ተከሳሽ ለይተው ያቆማሉ።

"ምን ያለ ዳዊት ነው እንዲህ ዓይን የሚጋርደው?" አሉኝ።

"ዳዊት አይደለም፣ ግራዝማች። ሰው ስለሚገድል ሰው ነው።"

"ተይዟል?"

"ገና ነው።"

"ግባ" አሉኝ።

በረንዳው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ቱሉ፣ ወደ አያት በኩል ጤፍና ገብስ የሚያርሱ፣ እሁድ እሁድ ወተት ይዘው መጥተው ሲጫወቱ የሚውሉ ወዳጃቸው ናቸው። ሦስተኛዋ የግራዝማች ልጅ ሰናይት ናት። መምህርት ለመሆን ትማር ነበር። ስለ መልኳ አልናገርም፤ ከጀመርኩ ወደ ገዳዩ አንመለስም።

መጽሐፉን እያየሁ ወደ አማርኛ እየመለስኩ መተረክ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ሟች ከባሕሩ ዳር እንዳጋደምኳት ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አነሱ።

"እናት አላት?"

መጽሐፉ ስለ እናቷ አንድም ቃል አይልም። እናት የላትም ለማለት ግን አንጀቴ አልችል አለ። "አላት" አልኩ።

"ወይኔ! ለቅሶ ደራሹስ መጣላት?"

"መጣ።"

"ድንኳን ተተከለ?"

"እ… ዝናብ ስለነበረ…"

"በዝናብማ ነው የሚተከለው!"

ተከልኩ። በዚያ የፈረንጅ ከተማ የለቅሶ ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ የተከልኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

አቶ ቱሉን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። "ለመሆኑ እዚያ አገር ጅብ የለም?" አሉ።

"የለም፣ አቶ ቱሉ።"

"ያ ዋቃ! ታዲያ ያለ ጅብ ሬሳው ምን ይሆናል? ገዳዩ እኮ ሞኝ ነው፤ እንጦጦ ቢሆን ማንም አያገኘውም ነበር።"

ግራዝማች ሁለቱንም ዝም አሰኙና ወደኔ ዞሩ። "መርማሪው ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን ያያል ብለሃል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሴት ሲያይ ማስረጃ ያመልጠዋል። ይህን ሁላችሁም ልብ በሉ" አሉ። እኔም ያን ጊዜ ሰናይትን እያየሁ ነበርና ልብ አልኩ።

ሊመሽ ሲል ተነሣሁ። ግራዝማች "ዋስ ጥራ" አሉኝ።

"የምን ዋስ?"

"በመጪው እሁድ ላለመቅረትህ! ሰው አስገድለህ ጥለኸን ልትሄድ ነው?"

አቶ ቱሉ ዋስ ሆኑኝ። መጽሐፉ ግን አልተለቀቀም። "ቤትህ ወስደህ ብቻህን ትጨርሰውና እኛ ልባችን ተንጠልጥሎ ስትስቅብን ልትከርም ነው" ብለው በኤግዚቢትነት ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። እሁድ እሁድ ይወጣልኛል፣ አነባለሁ፣ ተመልሶ ይገባል። ገዳዩ ማን እንደሆነ እንግዲህ እኔም አላውቅም ማለት ነው።

እንዲህ ሆነን ገናን፣ ጥምቀትን አለፍን። አንድ እሁድ አቶ ቱሉ እስከ መንገዱ ሸኙኝና "ለሰናይት ሽማግሌ ሊላክ ነው" አሉኝ። "የሾላው የእህል ነጋዴ ነው። ሀብታም ነው፣ ሚዛኑም አይሰርቅም ይባላል።"

"መቼ?"

"እሱ ነው ችግሩ። ግራዝማች፣ የያዝኩትን ጉዳይ ሳልቋጭ ሌላ ጉዳይ አላይም ብለዋል።"

"የትኛውን ጉዳይ?"

"የአንተን ነዋ! ገዳዩን!"

ያን ምሽት መንገዱ ጭቃ መሆኑንም አላየሁም። ገዳዩ ከተያዘ ሰናይት ለነጋዴው ልትሰጥ ነው። ካልተያዘ ግን ማንም በሯን አያንኳኳም። መጽሐፉ ወደ ሣጥኑ ከመመለሱ በፊት ስዳስሰው የቀረው ገጽ ከአንድ ሰንበት ተኩል አያልፍም ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ እኔም የታየኝ ሳሩ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ የከተማውን ሐኪም ገደልኩት። ምስኪኑ መጽሐፉ ውስጥ ምንም አልሆነም፤ ቡናውን እየጠጣ ነበር። ኪሱ ውስጥ ቀይ ቁልፍ አስቀመጥኩና ወደ ግራዝማች ቀና አልኩ።

"ሐኪሙን!" አሉ ወይዘሮ አስካለ ደረታቸውን ይዘው። "ያንን ደግ ሰው!"

የገደሉትን ሰው ከመጽሐፍ ውስጥ ማስወጣት እንዴት እንደሚያስቸግር ያየ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ገጽ ሐኪሙ ብድግ ብሎ መርማሪዋን የደም ግፊቷን ይለካላታል። እዘለዋለሁ። ሌላ ገጽ ስገልጥ ደግሞ ከመርማሪው ጋር ካርታ ይጫወታል። እንደገና እዘለዋለሁ። እሱን ስዘል ስዘል ታሪኩ ጨርሶ እየሾለከብኝ ሄደ፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ ዓይኔን አነሣሁና በገዛ እጄ መግደል ጀመርኩ። ፖስተኛው ሞተ። ዳቦ ጋጋሪው ሞተ። ግራዝማች "ይህ ሰው ቀይ ቁልፍ ከየት ነው የሚያመጣው? ልብስ ሰፊው ይያዝ!" ሲሉ ደንግጬ "ልብስ ሰፊውንማ ባለፈው እሁድ ገደልኩት" አልኩ፤ ወዲያው "ገደለው ማለቴ ነው" ብዬ አረምኩ። ሰናይት አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ወደ አፏ ስታስጠጋ አየሁ፤ ያዘነች መስሎኝ እኔም አዘንኩ።

ፍቅሩም አልቀረም። መርማሪው ልቡን ሊነግራት ሲል ዓይኔ ወደ ሰናይት ይሄዳል። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እኔም ደንግጬ አንድ ሰው እገድላለሁ። ስንት ሰው በኔ ዓይን አመል እንደሞተ እግዚአብሔር ይወቀው።

ወሬው ሾላ ገበያ ደረሰ። በርበሬ ሻጯ ወይዘሮ አስካለን ስታይ ገና ከሩቁ "ዛሬስ ማን ሞተ?" ትላለች። ከተማው ውስጥ ሰው ሲያጥረኝ ሙሉ መንገደኛ የጫነ መርከብ አስመጣሁ፤ እሱንም በሁዳዴ ጨረስኩት። አቶ ቱሉ አንድ ቀን እጄን ይዘው "ልጄ፣ የቀሩት ለምን ወደኛ አይሰደዱም? ትርፍ መሬት አለኝ" አሉኝ ከልባቸው።

ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ገዳይ ሊሆን የሚችለውን ሰው ሁሉ ገድያለሁ። በሕይወት የቀሩት መርማሪው፣ መርማሪዋና የባንኩ ሹም ናቸው። የባንኩን ሹም ያተረፍኩት አዝኜለት ሳይሆን ረስቼው ነው።

ግራዝማችም ሒሳቡን ያወቁት ይመስለኛል። በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ መጽሐፉን ከሣጥን አላወጡም። ካባቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ።

"ይህ ሁሉ ሰው ሲያልቅ እነዚህ መርማሪዎች ምን ሠሩ? መንገድ ለመንገድ ሲሽኮረመሙ ከረሙ!" አሉ። "አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን እንዴት እንደሚወጣ እኛ እናውቃለን። ዛሬ አውጫጭኝ ነው!"

ለማያውቅ ልንገር። አውጫጭኝ ማለት ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ ተጠርቶ አንድ ቦታ የሚቀመጥበት የጥንት ሥርዓት ነው። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም፤ መንገደኛም ቢሆን ከተገኘ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ዳኛው እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሮ ይናገራል። የሚያውቅ ሰው "ወፍ" ይባላል፤ ወፍ ስሙ አይጠራም።

ግራዝማች ወዲያው ሰው መደቡ። ወይዘሮ አስካለ የሟቾች ሁሉ እናት ሆኑ። አቶ ቱሉ መርማሪው ሆኑ፣ ሰናይት መርማሪዋ ሆነች፤ ይህን አመዳደብ አልወደድኩትም። የባንኩን ሹም የሚሆን ሰው ጠፍቶ ስንቸገር በሩ ተንኳኳ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። መሪያቸው አቶ ዘነበ ናቸው፣ የእህል ነጋዴው አጎት።

ነጋዴው መጠበቅ ሰልችቶት ሽማግሌውን ልኳል!

"ለትልቅ ጉዳይ ነው አመጣጣችን…" ብለው ጀመሩ አቶ ዘነበ።

"ይቀመጡ" አሉ ግራዝማች። "አውጫጭኝ ላይ ነን። የባንኩ ሹም እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? የምን ባንክ?"

"ፖስተኛው የተገደለ ዕለት የት ነበሩ?"

አቶ ዘነበ ኩሩ ሰው ናቸው። የተጠየቁትን ሳይመልሱ መቅረት ነውር መሰላቸው። "ደብረ ዘይት ነበርኩ፤ ጤፍ ልገዛ" አሉ።

"ምስክር?"

"የመኪናው ሾፌር።"

"ሾፌሩ የት አለ?"

"ዲላ ወርዷል።"

ግራዝማች ወደ አቶ ቱሉ አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። "ምስክሩን አሽሽተዋል። ይጠረጠራሉ።"

"ነውር ነው እንጂ!" ብለው አቶ ዘነበ ብድግ አሉ። "እኛ ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ነፍሰ ገዳይ እንባላለን? ተነሡ፣ እንሂድ!"

"በሕግ አምላክ!" አሉ ግራዝማች።

በዚያ ዘመን "በሕግ አምላክ" የተባለ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሦስቱም ሽማግሌዎች እንደቆሙ ቀሩ። ይህን ባየሁ ጊዜ ለግራዝማች ያደረብኝን አክብሮት ልነግራችሁ አልችልም፤ መጽሐፉ ውስጥ ካሉት መርማሪዎች አንዱም እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም።

አንድ በአንድ ወደ እልፍኝ ገባን። ተራዬ ደርሶ በግራዝማች ጆሮ "ገዳዩን አላውቅም" አልኩ። እግዚአብሔርን፣ አላውቅም ነበር።

"አላውቅም የሚል ወፍ አይባልም፤ ጫጩት ነው። ውጣ" አሉኝ።

መጨረሻ የገባችው ሰናይት ናት። ቆየች። እኔ ውጭ ቆሜ የአጥሩን እንጨት እቆጥራለሁ፤ ይህ ጉዳይ ዛሬ ተዘጋ፣ አቶ ዘነበ አፋቸውን ሊከፍቱ ነው፣ እኔም ከዛሬ በኋላ በዚህ በር የማልፈው እንደ ማንም መንገደኛ ነው እያልኩ። ኋላ ግራዝማች ወጡ። መጽሐፉ በእጃቸው ነው።

"ወፍ ተናግራለች" አሉ። "ወፏ ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበች ናት።"

የወፍ ስም አይጠራም ብያለሁ። ግን በዚያ በረንዳ ላይ እንግሊዝኛ የምናነብ ወፎች ሁለት ብቻ ነበርን፤ አንዱ እኔ ነኝ። መጽሐፉ ሳምንቱን ሙሉ እሷ ከምትተኛበት ቤት ሣጥን ውስጥ መክረሙን፣ እሷም የተማረች መሆኗን እያወቅኩ፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ሰው ሲወድ የሚያስበው ስለሚወዳት ልጅ ዓይን ነው፤ ዓይኗ ስለሚያነበው ነገር አያስብም።

"በመጽሐፉ ገዳዩ ሐኪሙ ነው" አሉ ግራዝማች።

"ሐኪሙ?" አሉ አቶ ቱሉ። "ሐኪሙማ ሞቷል! ከሁዳዴ በፊት ነው የሞተው!"

"አልሞተም። መጽሐፉ ውስጥ የሞቱት ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሐኪሙን፣ ፖስተኛውን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ መርከቡን ከነሰዉ፣ ሁሉንም የፈጀው…" ጭራቸውን ወደኔ ዘረጉ፤ "ይህ ልጅ ነው!"

ወይዘሮ አስካለ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ቆይ! እኔ ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ለዚያ ነፍሰ ገዳይ ሐኪም ነው ያለቀስኩት?"

"እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል" አሉ ግራዝማች። "አሁን ምክንያቱን ንገረን። ለምን ፈጀሃቸው?"

መዋሸት እንደማልችል ነግሬያችኋለሁ። ደግሞም ሰናይት በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው። "ጉዳዩ ካለቀ ሽማግሌ ይመጣል ብለውኝ ነው" አልኩ። "እንዳያልቅ ብዬ ነው። ከእሷ በላይ የምወደው ሰው የለኝም፣ ግራዝማች። ሰው ቢገኝ ኖሮ እስካሁንም እየገደልኩ ነበር።"



አቶ ቱሉ ወደ አጥሩ ሄዱና አንድ ድንጋይ ተሸክመው መጡ። ደም ያፈሰሰ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ሥር ይቅርታ ይለምናል፤ የአባት ሥርዓት ነው። ትንሽ ድንጋይ እኮ ይበቃ ነበር። አቶ ቱሉ ግን የሟቾቹን ብዛት አስበው መሰለኝ ለወፍጮ የሚሆን አመጡብኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ጫኑብኝ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር በሉት፣ እመቤቴ" አሉ አቶ ቱሉ ለሟቾች እናት።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ ወይዘሮ አስካለ። ትንሽ አሰቡና "ፖስተኛውስ ልጆች ነበሩት ብለኸን ነበር" አሉ።

"የሉትም፣ እማማ። እኔ ነኝ የወለድኩለት።"

"ተመስገን" ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ አንገቴ ቀለለኝ፣ ድንጋዩ ግን እንዳለ ነው።

አቶ ቱሉ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ግራዝማች፣ ለእርቅ ሽማግሌ ሆኜ ቆሜያለሁ። ከቆምኩ አይቀር ሌላም ጉዳይ አለኝ። ይህ ልጅ ዘመድ የለውም፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።"

"እኛ ቀድመን ነው የመጣነው!" አሉ አቶ ዘነበ።

"እርስዎ ገና ከጥርጣሬ አልወጡም" አሉ ግራዝማች። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። በዚያ ዘመን አባት ልጁን ሳይጠይቅ ይድር ነበር፤ እሳቸው ግን ዳኛ ናቸው፣ የባለጉዳይን ቃል ሳይሰሙ ፈርደው አያውቁም። "ሰናይት፣ ነይ። ሁለት ሽማግሌ ቆሟል። ምን ትያለሽ?"

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ ድንጋዩ አይፈቅድም። የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው። ጫማዋ ወደ ነጭ ጋቢዎቹ አልሄደም፤ ከፊቴ መጥቶ ቆመ።

"መጀመሪያ ድንጋዩን ያውርዱለት" አለች።

አቶ ዘነበ ብልህ ሰው ናቸው፤ የተሰጠው መልስ ገባቸው። ፊታቸው ፈታ ብሎ መረቁን፤ ሲወጡ ግን ከበሩ መለስ ብለው "ደብረ ዘይት ነበርኩ፣ እውነቴን ነው" አሉ።

አመሻሹ ላይ ሰናይት እስከ በሩ ሸኘችኝ። በጋውን ሙሉ "እርስዎ" ስትለኝ የከረመች ልጅ ናት። አንገቴን እያሸሁ "መቼ ነው ያወቅሽብኝ?" አልኳት።

"ሐኪሙን የገደልከው ዕለት። ማታውኑ ሣጥኑን ከፍቼ ጨረስኩት።"

ከሁዳዴ በፊት ማለት ነው። ያን ሁሉ እሁድ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ያለ ኃጢአቱ ሰው ሲረግፍ እያየች፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ገዳዩንም ፍቅሩንም እስከ መጨረሻ ደብቆ የሚይዝ ደራሲ አደንቃለሁ ስል ለካ እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነው።

"ታዲያ ያኔ ሐኪሙ ነው ብለሽ ብትናገሪ ምን ነበረበት?"

የበሩን መወርወሪያ እየነካካች ወደ መንገዱ አየች።

"ሐኪሙ ከተያዘማ አንተ እሁድ ምን ብለህ ትመጣለህ?" አለች።